ፕሮ ልግዛ ወይስ በያዝኩት ልሥራ?
የተሻሻለ የጌም መሣሪያ ከመግዛት በፊት የሚሠራ ሒሳብ

በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቶ የሚሠራ ሰው በየሦስትና በየአራት ዓመቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይገጥመዋል። አምራቹ ኩባንያ «የተሻሻለ» ያለውን መሣሪያ ያወጣል፤ ዕቃው በሻንጣም በካርጎም አገር ውስጥ ይገባል፤ ደላላው ደግሞ «ያንተኛው እኮ አልፎበታል፣ ዋጋው ሳይወድቅ ሸጠህ በላዩ ጨምረህ ለውጥ» ይላል። ጎረቤት ያለው ተወዳዳሪ ቀድሞ የለወጠ እንደሆነማ እንቅልፍም የለም።

በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚያነሡት ጥያቄ «አዲሱ ይሻላል ወይስ አይሻልም?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለሆነ አይጠቅምም። አዲሱ በርግጥ ይሻላል፤ ባይሻል ኖሮ ባልተሠራ ነበር። የነጋዴ ጥያቄ ሌላ ነው። በላዩ የሚጨመረው ብር ተጨማሪ ገቢ ያስገኛል ወይ? ያስገኛል ከተባለስ መሣሪያው ጊዜው ሳያልፍበት ይመለሳል ወይ? ይህ ጽሑፍ ይህንኑ ደረጃ በደረጃ ለመመልከት የተዘጋጀ ነው። በምሳሌነት የተወሰደው በእኛ ገበያ በብዛት የሚታየው የሶኒ ፕሌይስቴሽን ነው። ሆኖም ስሌቱ ለፎቶ ኮፒ ማሽንም፣ ለኮምፒዩተርም፣ ለጸጉር ቤት ዕቃም ያገለግላል።

ሦስቱን አለመቀላቀል

ገበያ ላይ «አዲስ» እየተባሉ የሚሸጡት መሣሪያዎች በሦስት ይከፈላሉ። ዋጋቸውም ዕድሜያቸውም የተለያየ በመሆኑ ለይቶ ማወቁ የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

አንደኛው «ስሊም» የሚባለው ነው። ይህ በውስጡ ያው የቀድሞው መሣሪያ ሲሆን አነስ ብሎ፣ መብራት ቆጥቦ፣ በዝቅተኛ ወጪ የተሠራ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2016 በ299 ዶላር የወጣው ፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ሁለተኛው «ፕሮ» የሚባለው ነው። ይህ የዚያው ትውልድ ልጅ ሆኖ ጉልበት የተጨመረበት ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 10 ቀን 2016 በ399 ዶላር ወጣ። የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ዋን ኤክስ በኖቬምበር 2017 በ499 ዶላር፣ ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ደግሞ በኖቬምበር 2024 በ699.99 ዶላር ተከተሉ።

ሦስተኛው አዲስ ትውልድ ነው። በኖቬምበር 2020 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ከፕሌይስቴሽን 4 ጋር ሲነጻጸር በዚህ ክፍል ይመደባል። አዲስ ትውልድ አሮጌው ፈጽሞ የማያጫውታቸውን ጨዋታዎች ያጫውታል። ፕሮ ግን ያንኑ ጨዋታ አሳምሮ ከማሳየት አያልፍም። «ፕሮ ስለሆነ አዲሱን ሁሉ ያጫውታል» ብሎ የሚሸጥ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ገዢው እንደማያውቅ አውቋል።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

መሣሪያን በመሃል የማሻሻል ንግድ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። የጃፓኑ ኤንኢሲ እ.ኤ.አ. በ1989 ሱፐርግራፍክስ የሚባል የፒሲ ኤንጂን መሣሪያውን የተሻሻለ ዓይነት አወጣ። ጉልበቱ በእርግጥ ጨምሮ ነበር። ነገር ግን ለእሱ ብቻ ተብለው የተሠሩት ጨዋታዎች አምስት ብቻ ሆነው ቀሩ። ገንዘቡን የከፈለው ሰው በቀሪው ጊዜ ይጫወት የነበረው ጎረቤቱ በርካሽ መሣሪያ የሚጫወተውን ነበር።

ከዚህም የባሰው የሴጋ ታሪክ ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1994 በአሜሪካ ገበያ በሜጋ ድራይቭ መሣሪያ ላይ የሚሰካ «32ኤክስ» የሚባል ማሻሻያ በ159.99 ዶላር አቀረበ። በዚያው ወር ግን ይኸው ኩባንያ በጃፓን ሴጋ ሳተርን የሚባለውን አዲስ ትውልድ መሸጥ ጀመረ። ሳተርን በሜይ 1995 አሜሪካ ሲደርስ ማሻሻያውን ገና በስድስት ወሩ ከጨዋታ ውጭ አደረገው። ለ32ኤክስ የተሠሩት ጨዋታዎች አርባ ያህል ብቻ ሲሆኑ በ1996 ምርቱ ቆመ። ማሻሻያውን የገዛ ሰው ያጣው 160 ዶላር ብቻ አይደለም። በዚያው ኩባንያ ላይ የነበረውን እምነትም አጥቷል። የሴጋ ሽያጭ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም።

ሶኒ በ2016 ከዚህ የተማረ ይመስላል። ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮን ሲያወጣ የራሱ ብቻ የሆነ ጨዋታ እንደማይኖረው፣ ሁሉም ጨዋታ በተራው ፕሌይስቴሽን 4ም እንደሚሠራ አስታወቀ። ይህ ለገዢው ዋስትና ነው። ልብ ብሎ ለሚያይ ነጋዴ ግን ሁለት ስለት ያለው ዋስትና ነው። ፕሮውን የገዛ አይከስርም፤ ያልገዛም አንድም ጨዋታ አያመልጠውም። ባይገዙት ምንም የማያመልጥ ዕቃ ደግሞ ምቾት እንጂ ማምረቻ አይደለም። ለቤት የሚገዛ ሰው ምቾትን ቢገዛ መብቱ ነው። ለሥራ የሚገዛ ግን ምቾቱን የሚከፍልለት ደንበኛ አስቀድሞ ማግኘት አለበት።

ጉልበቱን የሚያየው ማን ነው?

የፕሌይስቴሽን 4 የምስል ማቀናበሪያ 1.84 ቴራፍሎፕ ጉልበት ሲኖረው የፕሮው 4.2 ነው፤ ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ ጉልበት በአብዛኛው የሚውለው ለ4ኬ ምስል ነው። በተለምዶ «ፉል ኤችዲ» የሚባለው ቴሌቪዥን 1920 በ1080 ነጥቦች፣ ማለትም ሁለት ሚሊዮን ያህል ነጥቦች አሉት። 4ኬ 3840 በ2160 ሲሆን ከስምንት ሚሊዮን በላይ ነው። ቴሌቪዥኑ ባለ ሁለት ሚሊዮን ከሆነ መሣሪያው ስምንት ሚሊዮን ቢልክለትም የሚያሳየው ያንኑ ሁለት ሚሊዮን ነው። እርግጥ በአንዳንድ ጨዋታዎች ጠርዞቹ ለስለስ ይላሉ፤ እንቅስቃሴውም ይረጋጋል። ሆኖም ባለ 32 ኢንች ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተቀምጦ ጎል ለማግባት የሚጣደፍ ወጣት ይህን አይቶ ተጨማሪ ብር ይከፍላል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ስለዚህ ፕሮ መሣሪያ የሚገዛ ሰው በእውነቱ የሚገዛው ፕሮና ቴሌቪዥን ነው። የቴሌቪዥኑን ዋጋ ከሒሳቡ ያስቀረ ሰው ግማሹን ወጪ ረስቷል።

የፕሌይስቴሽን 5 ፕሮም ነገር ከዚህ አይለይም። ሶኒ ምስል የማቀናበር ፍጥነቱ ከተራው በ45 በመቶ ያህል እንደሚበልጥ አስታውቋል። ነገር ግን መሣሪያው የዲስክ ማጫወቻ የለውም። ማጫወቻው ለብቻው በ79.99 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ድምሩ 780 ዶላር ይሆናል። በዚያው ጊዜ ተራው ባለ ዲስክ ፕሌይስቴሽን 5 አሜሪካ ውስጥ 499.99 ዶላር ነበር። ለ45 በመቶ ፍጥነት 56 በመቶ ዋጋ መክፈል ማለት ነው። በ2016 ግን ከእጥፍ በላይ ለሆነ የምስል ጉልበት ይጠየቅ የነበረው ጭማሪ 33 በመቶ ብቻ ነበር። የማሻሻያ ዋጋ ከማሻሻያው ጥቅም ይልቅ ፈጥኖ እያደገ መሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዕድሜውን የሚወስነው የኳስ ጨዋታው ነው

የእኛ አገር የፕሌይስቴሽን ቤት የሚኖረው በኳስ ጨዋታ ነው። ስለዚህ መሣሪያው «አረጀ» የሚባለው አዲሱ ዓይነት የወጣ ቀን ሳይሆን የኳስ ጨዋታው አዲስ ዕትም ለእሱ መሠራቱ ያቆመ ቀን ነው። ደንበኛው የዘንድሮን ዝውውርና የዘንድሮን ማሊያ ይፈልጋል። እሱ የሌለበት መሣሪያ ዋጋው የሚወድቅ በአንድ ወቅት ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ወጣ፤ ሆኖም ለፕሌይስቴሽን 2 የመጨረሻው ፊፋ፣ ማለትም ፊፋ 14፣ የወጣው በ2013 ነው። ሰባት ዓመት ያህል ተጨማሪ ዕድሜ አግኝቷል። ፕሌይስቴሽን 4 በ2013 ወጣ፤ የፕሌይስቴሽን 3 የመጨረሻው ፊፋ 19 በሴፕቴምበር 2018 ነበር። ይህ አምስት ዓመት ያህል ነው። ፕሌይስቴሽን 5 በ2020 ወጣ፤ ጨዋታው ስሙን ቀይሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ከተባለ በኋላም በሴፕቴምበር 2025 የወጣው ኤፍሲ 26 ለፕሌይስቴሽን 4ም ተሠርቷል። ይህም አምስት ዓመት ሆነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው «አዲሱ ወጣ» ተብሎ አሮጌውን በድንጋጤ መሸጥ ስህተት እንደሆነ ነው። በ2020 በችኮላ ፕሌይስቴሽን 4ን የሸጠ ሰው አምስት የገቢ ዓመታትን ለገዢው አስረክቧል፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይህ ነው። ሁለተኛው ግን ለዛሬ ገዢ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 በአሁኑ ጊዜ ወንድሙ ፕሌይስቴሽን 3 የተሰናበተበትን ዕድሜ ደፍኗል። ከዚህ በላይ የሚያገኘውን ዓመት ሁሉ እንደ ምርቃት እንጂ እንደ መብት መቁጠር አይገባም።

ፕሮውም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። ጨዋታው ለፕሌይስቴሽን 4 መሠራቱ ሲያቆም ፕሮውም በዚያው ቀን አብሮ ያልፍበታል፤ ጉልበቱ አንድ ቀን እንኳ አይጨምርለትም። በመሆኑም ዛሬ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ከተራው አስበልጦ ለሥራ የሚገዛ ሰው ለሌለ ዕድሜ ነው የሚከፍለው። ብሩ ካለ ወደ ተራው ፕሌይስቴሽን 5 ቢሄድ ይሻለዋል።

ሒሳቡ በምሳሌ

አሁን ወደ ስሌቱ እንለፍ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለማሳያ ብቻ የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በየሰፈሩ ያለውን ዋጋ ይተካ።

አንድ ባለ ፕሌይስቴሽን ቤት አሮጌውን መሣሪያ በ25,000 ብር መሸጥ ይችላል እንበል። የተሻሻለው 75,000 ብር ነው። ጭማሪው 50,000 ብር ይሆናል። በአሮጌው አንድ ጨዋታ 15 ብር፣ በቀን 30 ጨዋታ ያጫውታል፤ የቀን ገቢው 450 ብር ነው።

አንደኛ ሁኔታ፤ ዋጋውን ወደ 20 ብር ከፍ ቢያደርግና ደንበኛው ባይቀንስ የቀን ገቢው 600 ብር ይሆናል። ጭማሪው 150 ብር ነው። በወር 26 የሥራ ቀን ቢቆጠር 3,900 ብር፤ ለመብራትና ለጥገና 400 ብር ቢቀነስ 3,500 ብር ይቀራል። 50,000 ብሩ በ14 ወር ከጥቂት ቀናት ይመለሳል። ይህ ደህና ነው።

ሁለተኛ ሁኔታ፤ ከላይ እንደተባለው 40,000 ብር የሚያወጣ ቴሌቪዥን አብሮ መግዛት ቢያስፈልግ ወጪው 90,000 ብር ስለሚደርስ መመለሻው ወደ 26 ወር ይሄዳል።

ሦስተኛ ሁኔታ፤ ዋጋው ሲጨምር ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሄዶ ጨዋታው በቀን ከ30 ወደ 24 ቢወርድ የቀን ገቢው 480 ብር ብቻ ነው። ጭማሪው 30 ብር፣ በወር 780፣ ወጪ ሲቀነስ 380 ብር ይሆናል። 50,000 ብሩን ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ይፈጃል። በሌላ አነጋገር አይመለስም።

እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል። በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል ያለው ልዩነት መሣሪያው አይደለም፤ መሣሪያው ያው ነው። ልዩነቱ ስድስት ጨዋታ ነው። ስለዚህ ከግዢው በፊት ሊጠና የሚገባው የመሣሪያው ጉልበት ሳይሆን ደንበኛው አምስት ብር ሲጨመርበት ምን እንደሚያደርግ ነው። ይህን ማወቅ ደግሞ ነጻ ነው፤ በአሮጌው መሣሪያ ላይ ለአንድ ሳምንት ዋጋ ጨምሮ መሞከር ይቻላል።

አራተኛ ሁኔታም አለ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው። አሮጌውን ሳይሸጡ ሌላ ያገለገለ መሣሪያ በ25,000 ብርና ያገለገለ ቴሌቪዥን በ15,000 ብር፣ በድምሩ በ40,000 ብር መጨመር። ቤቱ ወረፋ ካለው አዲሱ ወንበር በቀን 20 ጨዋታ እንኳ ቢያገኝ በ15 ብር ሒሳብ 300 ብር ነው። በወር 7,800 ብር፤ 800 ብር ወጪ ቢቀነስ 7,000 ብር። 40,000 ብሩ በስድስት ወር ገደማ ይመለሳል። ይህ ከቅያሬው ሁሉ ይበልጣል፤ ግን ወረፋ ካለ ብቻ ነው። ከዚህ ቀላል ደንብ ይወጣል። ደንበኛ ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ከሆነ ቁጥር ይጨመር፤ ደንበኛ ገብቶ አይቶ የሚወጣ ከሆነ ያኔ ጥራት ይታሰብ።

በሒሳቡ ውስጥ የማይታዩ ወጪዎች

ጆይስቲክ ቀዳሚው ነው። በፕሌይስቴሽን ቤት ቶሎ የሚያልቀው ዕቃ እሱ ነው። ከፕሌይስቴሽን 4 ወደ 4 ፕሮ የሚሸጋገር ሰው የድሮ ጆይስቲኮቹን ይዞ ይቀጥላል። ወደ ፕሌይስቴሽን 5 የሚሸጋገር ግን ለፕሌይስቴሽን 5 በተሠሩ ጨዋታዎች የድሮውን መጠቀም አይችልም፤ የድሮው የሚሠራው የፕሌይስቴሽን 4 ጨዋታ ሲከፈት ብቻ ነው። ሁለት ሁለት አዲስ ጆይስቲክና መለዋወጫ ከወዲሁ ይታሰብ።

ዲስክም ይታሰብ። ዲስክ የማይወስድ መሣሪያ በመጀመሪያ ዋጋው ይረክሳል፤ ነገር ግን ጨዋታው የሚገዛው በኢንተርኔት፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ዲስክ ተጫውተውበት መልሰው ይሸጡታል፣ ይለዋወጡታል፤ በኢንተርኔት የተገዛ ጨዋታ ግን አይሸጥም። ለብቻው የሚገጠመው የፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ማጫወቻም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገጠም ኢንተርኔት ይጠይቃል።

የመብራቱ ነገርም አለ። የፕሌይስቴሽን 4 ስሊም ከፍተኛ ፍጆታ 165 ዋት ተብሎ ሲጻፍ የመጀመሪያው ፕሮ 310 ዋት ነው። ሁልጊዜ ይህን ያህል ይወስዳል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን ጄኔሬተር ወይም ባትሪ ላይ የሚሠራ ሰው አራት መሣሪያ ሲቀይር ልዩነቱን ያየዋል። የሚገዛው መሣሪያ በአገራችን 220 ቮልት የሚሠራ መሆኑንም በጀርባው ካለው ጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

«ይረክስ ይሆናል» ብሎ መጠበቅ

ቀድሞ የመጠበቅ ስልት አዋጭ ነበር። ፕሌይስቴሽን 2 በ2000 አሜሪካ ገበያ ሲገባ 299 ዶላር የነበረው በ2002 ወደ 199፣ በ2009 ወደ 99 ዶላር ወርዷል። የታገሠ ሁሉ አተረፈ። የዚህ ትውልድ ነገር ግን ተገልብጧል። ሶኒ በ2022 በአውሮፓና በሌሎች ገበያዎች ዋጋ ጨመረ፤ በኦገስት 2025 ደግሞ በአሜሪካ ፕሌይስቴሽን 5ን ወደ 549.99፣ ፕሮውን ወደ 749.99 ዶላር አሳደገ። ወጥቶ አምስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ መሣሪያ ከወጣበት ቀን ይልቅ ሲወደድ ታየ።

በእኛ አገር ደግሞ የብሩ ነገር ይጨመራል። የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ ከ120 ብር አልፏል። 700 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥና ያለ ማጓጓዣ ከ40,000 ብር ገደማ ወደ 84,000 ብር ሄደ ማለት ነው። ዋጋው ይወርዳል ብሎ የጠበቀ በዚህ ተጎድቷል። ሆኖም «ነገም ይወደዳል» ብሎ የማያስፈልግን ዕቃ መግዛትም ብር ማስቀመጫ አይሆንም። መሣሪያ እንደ ወርቅ አይደለም፤ ይሞቃል፣ አቧራ ይጠጣል፣ ጊዜውም ያልፍበታል። ስለዚህ ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ነው፦ ሒሳቡ ዛሬ የሚያዋጣ ከሆነ ቅናሽ ሳይጠብቁ መግዛት፤ ሒሳቡ የማያዋጣ ከሆነ ደግሞ የውድነት ወሬ ሰምቶ አለመግዛት።

ስም ሳይሆን ቁጥር ማንበብ

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ሆነ የሚያገናኝ ሰው በቃል የሚነገረውን ትቶ በመሣሪያው ላይ የታተመውን የሞዴል ቁጥር ያንብብ። የፕሌይስቴሽን 4 ቁጥር ሲዩኤች በሚሉ ፊደላት ይጀምራል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር በ1 ከጀመረ የመጀመሪያው ወፍራሙ፣ በ2 ከጀመረ ስሊም፣ በ7 ከጀመረ ፕሮ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ ሲኤፍአይ ይላል፤ እዚያም በ7 የሚጀምረው ፕሮው ነው። በዓይንም ቢሆን ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ሦስት እንጀራ እንደተደራረበ ሦስት ንብርብር ስላለው ይለያል። ሽፋኑ ተቀይሮ የሚመጣ ዕቃ ስለማይጠፋ ግን ከቅርጹ ይልቅ ቁጥሩን፣ ከቁጥሩም በተጨማሪ መሣሪያው ሲከፈት በራሱ የመረጃ ገጽ ላይ የሚያሳየውን ማመሳከር ነው።

ከዚያም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጨዋታ ከፍቶ ማጫወት ይገባል። በአምስት ደቂቃ ፈተና ሁሉም መሣሪያ ጤነኛ ነው። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ የሚጮህ ወይም ሞቆ የሚጠፋ መሣሪያ ራሱን የሚገልጠው ሲቆይ ነው።

ማጠቃለያ

ቅያሬ ያሰበ ሰው እነዚህን አምስት ጥያቄዎች በወረቀት ላይ ጽፎ ይመልስ። የማቀርበው መሣሪያ ስሊም ነው፣ ፕሮ ነው ወይስ አዲስ ትውልድ? ያለኝ ቴሌቪዥን ልዩነቱን ያሳያል? ደንበኛዬ ለልዩነቱ ይከፍላል፣ ሞክሬስ አይቻለሁ? ጭማሪው ብር ከነጆይስቲኩና ከነዲስኩ በስንት ወር ይመለሳል? የኳስ ጨዋታውስ ለዚህ መሣሪያ ከዚያ ወር በኋላም ይሠራለታል?

የመጨረሻዎቹ ሁለት መልሶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ ውሳኔው በራሱ ይወጣል። መመለሻው 14 ወር፣ የቀረው ዕድሜ አራት ዓመት ከሆነ ይገዛ። መመለሻው 26 ወር፣ የቀረው ዕድሜ አንድ ወይም ሁለት ዓመት ከሆነ ደላላው የፈለገውን ቢል አሮጌው ጠዋት ተከፍቶ ሥራውን ይቀጥል። ጎረቤቱ የለወጠው መሣሪያም ቢሆን ያተረፈው በመለወጡ ሳይሆን ብሩን በመለሰበት ቀን መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።